የወፈረ የግቢ ውሻን ወደ ጤናማ ክብደቱ መመለስ

ከአጠና ተራ እስከ ቤቴል፣ ከአየር ጤና እስከ ካራ ቆሬ ባሉ የአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ግቢዎች ውሻ የሚያዘው በአብዛኛው ለጥበቃ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይለቀቃል። ምግቡ ከማዕድ የተረፈ እንጀራ፣ ከሉካንዳ የመጣ ሳንባና አጥንት ነው። እንዲህ የሚኖር ውሻ ከጊዜ በኋላ ወገቡ ሲጠፋና ከበር እስከ ጓሮ ሮጦ ሲያለከልክ፣ ባለቤቱ ቶሎ የሚሰጠው ምክንያት «ታስሮ ስለሚውል ነው» የሚል ነው። ምክንያቱ በከፊል እውነት ነው፤ መፍትሔውን ግን በተሳሳተ ቦታ እንድንፈልግ ያደርጋል። ውሻ አንድ ኪሎ ሜትር ሲራመድ የሚያቃጥለው ጉልበት በግምት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1 ኪሎ ካሎሪ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ደርሶ መልሱን ጨምሮ 3 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 60 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አቃጠለ ማለት ነው። መቶ ግራም እንጀራ 150 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ስለሚይዝ፣ ያ ሁሉ መንገድ በግማሽ ኩርማን እንጀራ ይተካል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የቆመበት ሐሳብ አንድ ነው፦ የግቢ ውሻ የሚወፍረው ሳይለካና ከብዙ እጅ በሚደርሰው ምግብ ነው፤ የሚከሳውም ምግቡ ተለክቶ ከአንድ እጅ ሲሰጠው ነው። እንቅስቃሴ ያግዛል እንጂ የምግቡን ቦታ አይተካም።

ልፋቱ የሚያስገኘው ውጤት አለ። ፑሪና የተባለው የእንስሳት መኖ አምራች ኩባንያ በአሜሪካ 48 የላብራዶር ውሾችን ከቡችላነታቸው ጀምሮ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ተከታትሎ ነበር። ግማሾቹ ከሌሎቹ በ25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጣቸው ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ጥቂት የበሉት አጋማሽ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ዓመት ነበር፤ የመገጣጠሚያ ሕመምም የጀመራቸው ዘግይቶ ነው። አብዝተው የበሉት ደግሞ ዓይን የሚያስደነግጥ ውፍረት የነበራቸው አልነበሩም፤ ብዙ ቤት «ደልደል ያለ» ተብሎ የሚታለፈው ዓይነት ውሾች ነበሩ።

1. ውፍረቱን በእጅ ያረጋግጡ

ፀጉር ዓይንን ያታልላል፤ በተለይ ፀጉረ ረጅም ውሻ ከሳም ወፈረም አንድ ይመስላል። ስለዚህ ይዳስሱት። ውሻው ቆሞ ሳለ ሁለት መዳፍዎን በጎንና ጎኑ አድርገው ሳይጫኑ የጎድን አጥንቶቹን ይፈልጉ። እጅዎን ዘርግተው የእጅዎን ጀርባ ሲዳስሱ የሚሰማዎትን ያህል አጥንቱ በቀላሉ ከተሰማዎ ጤናማ ነው። የጨበጡትን ቡጢ አንጓ ያህል ጎልቶ ከወጣ ከስቷል። መዳፍዎን በውስጥ በኩል ሲዳስሱ እንደሚሆነው በሥጋ ተሸፍኖ አልሰማ ካለዎ ደግሞ ወፍሯል። ቀጥሎ ከላይ ሆነው ይመልከቱት፤ ከጎድኑ በኋላ ወገቡ ገባ ማለት አለበት። ከጎን ሲታይም ሆዱ ወደ ኋላ እግሮቹ ከፍ እያለ ይሄዳል። የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ሁሉ ከ1 እስከ 9 በሚሄድ መለኪያ ይመዘግቡታል። 4 እና 5 ጤናማ ናቸው፤ ከ5 በላይ እያንዳንዱ ቁጥር በግምት የ10 በመቶ ትርፍ ክብደት ነው። ጎድኑ ጫን ብለው ብቻ የሚሰማ፣ ወገቡ የጠፋ ውሻ 7 ላይ ነው፤ በ20 በመቶ ወፍሯል ማለት ነው።

እዚህ ላይ በብዛት የሚፈጸም ስሕተት የሆድ ማበጥን ሁሉ ውፍረት ማለት ነው። ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑ ግን ከሳ ያለ ውሻ፣ በተለይም ቡችላ፣ ትል ሊኖርበት ይችላል። ሆዱ በድንገት ያበጠ ትልቅ ውሻም ዛሬውኑ ሐኪም ጋ መሄድ አለበት። ሴት ከሆነችና ካልመከነች እርግዝና መሆኑን አስቀድመው ያጣሩ፤ የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ስለሆነ ሳይታወቅ ያልፋል፤ በዚያ ወቅት ምግብ መቀነስ እናቲቱንም ቡችሎቹንም ይጎዳል። ምግቡ ሳይጨምር የወፈረ፣ ፀጉሩ የሚረግፍ፣ ወይም ከወትሮው እጅግ አብዝቶ ውኃ የሚጠጣ ውሻም የሆርሞን ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር ምግቡን አይቀንሱ።

2. ይመዝኑ፣ ግብ ያስቀምጡ

ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። በየመንገዱ ዳር መንገደኛን የሚመዝኑ ልጆች ይዘውት የሚቀመጡት ዓይነት የሰው ሚዛን ይበቃል። መጀመሪያ ብቻዎን ይመዘኑ፣ ቀጥሎ ውሻውን አቅፈው ይውጡ፣ ከዚያ ይቀንሱ። ለማቀፍ የሚከብድ ውሻ ከሆነ በወር አንዴ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። በመካከሉ በልብስ ሰፊ ሜትር ሁለት ቦታ ይለኩ፦ ደረቱን ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ሆዱን ደግሞ ከመጨረሻው ጎድን ኋላ። ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት ሳይበላ ይሁን፤ አለበለዚያ የውኃና የምግብ ክብደት ቁጥሩን ያዛባዋል።

ግቡን ለማግኘት የአሁኑን ክብደት 1 ላይ ትርፉ ተደምሮ ለሚገኘው ቁጥር ያካፍሉ። 7 ላይ ያለ 24 ኪሎ ውሻ፣ 24 ለ1.2 ሲካፈል 20 ኪሎ ይሆናል። ጤናማው የመቀነስ ፍጥነት በሳምንት ከክብደቱ 1 በመቶ፣ ቢበዛ 2 በመቶ ነው። ለዚህ ውሻ በሳምንት 240 ግራም ገደማ ነውና ሥራው አራት ወይም አምስት ወር ይወስዳል። በአንድ ወር ለመጨረስ የሚቻኮል ሰው ከስብ ይልቅ ጡንቻ ያስቀንሰዋል።

3. ማን ምን እንደሚሰጠው ይወቁ

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ሥራው ሁሉ የሚፈርስበት ደረጃ ይህ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ የቤቱ ባለቤቶች፣ ልጆች፣ የቤት ሠራተኛ፣ ዘበኛና ሰርቪስ ቤት የተከራዩ ሰዎች አሉ። እያንዳንዱ የሚሰጠው ትንሽ ነው፤ ማንም ግን የሌላውን አያይም። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጣ የጣለለት ግማሽ ዳቦ 100 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ዘበኛው ከምሳው ቆርሶ የሰጠው ኩርማን እንጀራ 130 ይሆናል። ተከራይዋ ማታ የሳህን ጥራጊ ደፋችለት፤ ወጡ ዘይት ስላለበት 150 ቢሆን አይገርምም። ይህ ሁሉ ተደምሮ 380 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ባለቤቱ «እኔ የምሰጠው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ሲል ውሸት አይናገርም። ግቡ 20 ኪሎ የሆነ ውሻ ሲከሳ የሚፈቀድለት በቀን 670 ብቻ መሆኑን ሲያስቡ ግን፣ ማንም እንደ ምግብ ያልቆጠረው ነገር ከግማሽ በላይ ሆኗል።

ስለዚህ ለሦስት ቀን ምንም ሳይቀንሱ ይመዝግቡ። ወጥ ቤት በር ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይንጠልጠል፤ ማንም ለውሻው ሲሰጥ ምን እንደሆነና መጠኑን ይጻፍ። መጻፍ የማይችል በቃሉ ለአንድ ሰው ይንገር። ዓላማው ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ ዘበኛው ወይም ሠራተኛዋ እንደሚቀጡ ከተሰማቸው ይደብቃሉ፤ የተደበቀ ጉርሻ ደግሞ ከተመዘገበው ይልቅ ሥራውን ያበላሻል። ሦስቱ ቀን ሲያልቅ አንድ መጋቢ ይምረጡ፤ ብዙ ጊዜ በግቢው የሚውለው ሰው ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ከሱ በቀር ማንም አይስጥ።

እዚህ ላይ የሚነሱ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል። አንደኛው «ውሻ ሲጠግብ ነው ግቢ የሚጠብቀው» የሚለው ነው። ውሻ የሚጮኸው አካባቢውን የራሱ አድርጎ ስለሚጠብቅና ባዕድ ስለሚለይ ነው፤ የሆድ መሙላት በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ውፍረት ግን ከመኝታው የሚነሳበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ከማንኛውም አላፊ እጅ መቀበል የለመደ ውሻ፣ ሌሊት በአጥር ላይ ሥጋ ከሚወረውርለት ሰውም ይቀበላል፤ ከአንድ ሰው እጅ፣ በራሱ ሳህን መብላት የለመደው ግን ለዚህ ያን ያህል አይመችም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከፍቅር የሚመጣ ነው፦ ልጆች ለሚወዱት ማጉረስ ይወዳሉና መከልከል ይከብዳል። አይከልክሏቸው፤ ከዕለቱ ድርሻ ከአሥር አንዱን በትንሽ ሳህን ለይተው ለልጆቹ ይስጧቸው። በልጅ እጅ የሚሄደው ከዚያው ሳህን ብቻ ከሆነ ፍቅሩም አይጎድል፣ ሒሳቡም አይፋለስ።

4. ድርሻውን ይለኩ

ሒሳቡ ቀላል ነው። የግቡን ክብደት በ30 ያባዙ፣ 70 ይደምሩ፤ የሚያገኙት ቁጥር ውሻው በሚከሳበት ወቅት በቀን የሚያስፈልገው ኪሎ ካሎሪ ነው። ለ20 ኪሎ ግብ 670 ይሆናል፤ ለ30 ኪሎ ግብ 970። አሁን በሚመዝነው ክብደት አያስሉ፤ ስሕተቱ የተለመደ ነው፣ ውፍረቱን መመገብ ነው። የተኮላሸ ወይም የመከነች ውሻ የሚያስፈልጋቸው ጉልበት ከ20 እስከ 30 በመቶ እንደሚቀንስም ያስታውሱ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በዚያው መጠን የሚመገብ ውሻ ቢወፍር አይደነቅም።

የተዘጋጀ ደረቅ የውሻ ምግብ የሚገዙ ከሆነ ከረጢቱ ላይ በኪሎ ስንት ኪሎ ካሎሪ እንዳለው ያንብቡ። በኪሎ 3500 ከሆነ 670 ማለት 190 ግራም ነው። በብርጭቆ ወይም በጣሳ አይገምቱ፤ መጀመሪያ በኩሽና ሚዛን መዝነው በአንድ ጣሳ ውስጥ የት ድረስ እንደሚደርስ በቀለም ምልክት ያድርጉ፣ ከዚያ ምልክቱን ይከተሉ። የቤት ምግብ የሚሰጡ ከሆነ ደግሞ የኮልፌ ሉካንዳዎች ጥሩ ነገር አላቸው፦ የበሬ ሳንባ። ሳንባ ስቡ ጥቂት፣ ፕሮቲን የሞላበት ነው፤ የተቀቀለው በመቶ ግራም 120 ኪሎ ካሎሪ ብቻ አለው። ለ20 ኪሎ ግብ የሚሆን የአንድ ቀን ድርሻ ይህን ይመስላል፦ 300 ግራም የተቀቀለ ሳንባ፣ 120 ግራም እንጀራ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ 250 ግራም የተቀቀለ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን ወይም ፎሶሊያ። ድምሩ 680 ገደማ ነው። በጠዋትና በማታ ይክፈሉት። አትክልቱ ሆድ ስለሚሞላ ሳህኑ ባዶ እንዳይመስል ያደርጋል፤ ረኃቡንም ያስታግሳል።

ሳንባው ግን በጥሬው አይሰጥ። በከብትና በበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች አንዳንዴ ይታያሉ። ውሻ እነዚህን በጥሬው ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናሉ፤ በዓይነ ምድሩ የሚወጣው እንቁላል ወደ ሰው ከገባ በጉበትና በሳንባ ላይ በዓመታት የሚያድግ ከረጢት ይፈጥራል። ከረጢት ያለበትን ክፍል ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ፤ ቀሪውን በሚፈላ ውኃ እስከ ውስጡ እስኪበስል በደንብ ይቀቅሉ። የትል መድኃኒቱንም በየስንት ወሩ እንደሚሰጥ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ለዚህ ትል የሚሆነው ፕራዚኳንቴል ነው።

ሽሮና ወጥ ከሳህኑ ይውጡ። ቀይና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ ደርቀው ቢፈጩም ያው ነው። የሽሮ ዱቄት ብዙ ጊዜ ነጭ ሽንኩርት ተቀላቅሎበት ስለሚፈጭ «በርበሬ የለበትም» ማለት ብቻ አይበቃም። ጨውና ዘይቱ ተጨማሪ ናቸው። የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ተሰነጣጥቆ አንጀት ይወጋል። መቅኒውም ስብ ነው። ጮማና ሞራ በግራም 9 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሚይዙ 50 ግራም ብቻ የቀኑን ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ይፈጃል።

አንድ ማሳሰቢያ ልብ ይበሉ። ሥጋ፣ እንጀራና አትክልት ብቻ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ካልሲየምና አንዳንድ ንጥረ ነገር ይጎድላል፤ መጠኑ ሲቀንስ ጉድለቱም ይሰፋል። ስለዚህ ከሳምንታት በላይ በቤት ምግብ ብቻ የሚቀጥል ሰው ምን ማሟያ እንደሚያስፈልግ ሐኪም ማማከር አለበት፤ ወይም ከድርሻው ግማሹን በተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ይተካ።

«እየራበው እያየሁ እንዴት ዝም እላለሁ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁሉም ልመና ረኃብ እንዳልሆነ ግን ማስረጃ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአራት ላብራዶሮች አንዱ ገደማ የጥጋብ ስሜትን የሚያስተላልፍ ዘረ መል ጉድለት እንዳለበት አሳይተዋል፤ እንዲህ ያለው ውሻ ቢጠግብም ይለምናል። ሌላው ውሻ ደግሞ የሚለምነው ልመናው ሠርቶለት ስለሚያውቅ ነው። አንድ ቀን ተከልክሎ በማግስቱ የሚሰጠው ውሻ ጨርሶ ከማይሰጠው ይልቅ አብዝቶ ይለምናል፤ ስለዚህ ጭካኔ የሚሆነው መወላወሉ ነው። የማዕድ ሰዓት ሲደርስ ከቤት ራቅ አድርገው ማሰር፣ ድርሻውንም ቤተሰቡ ከመብላቱ በፊት መስጠት ለሁሉም ይቀላል።

5. ለጾምና ለበዓል አስቀድመው ይዘጋጁ

በረቡዕና በዓርብ፣ በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾምም በብዙ ቤት ሥጋና እንቁላል አይኖርም፤ ለውሻው የሚተርፈው ሽሮ፣ ምስርና እንጀራ ነው። ፕሮቲኑ ጠፍቶ እንጀራው ሲበዛ ውሻው ይወፍራል፣ ጡንቻውም ይሳሳል። ውሻው አይጾምም። በሰፈሩ የሙስሊም ሉካንዳዎች በጾም ወራት ስለሚከፍቱ ሳንባውን ከዚያ ማምጣት ይቻላል። ይህ የማይመች ከሆነ ለጾሙ ጊዜ የሚሆን ደረቅ ምግብ ቀድመው ይግዙ።

በዓል በተቃራኒው አደጋ ነው። በፋሲካ ወይም በአረፋ በግቢ በግ ሲታረድ ሞራውና አንጀቱ ሁሉ ወደ ውሻው ይወረወራል። ከባድ ስብ በአንድ ጊዜ የበላ ውሻ ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል፤ ማስታወክና ጀርባውን ማጉበጥ ምልክቶቹ ናቸው፤ አንዳንዱ ይሞትበታል። ከዕርዱ በፊት ውሻውን በሌላ በኩል ይሰሩ፣ የዕለት ድርሻውንም ቀድመው ይስጡት። ኮልፌ የብዙ ጉራጌና ስልጤ ቤተሰቦች ሰፈር ስለሆነ ለመስቀልና ለአረፋ ወደ አገር ቤት የሚወጣው ብዙ ነው። ውሻው ከዘበኛ ወይም ከጎረቤት ጋር ሲቀር «አብላልኝ» ብቻ ብለው አይሂዱ፤ የእያንዳንዱን ቀን ደረቅ ምግብ ለየብቻ በፌስታል ቋጥረው ያስረክቡ። የተቋጠረው ካለቀ የዚያ ቀን ምግብ አልቋል ማለት ነው።

6. በልኩ ያንቀሳቅሱት

እንቅስቃሴ ጡንቻ ይጠብቃል፣ መገጣጠሚያ ያፍታታል፣ የታሰረ ውሻን መንፈስ ያድሳል፤ ስለዚህ ከምግቡ ያነሰ ቢሠራም አይቀርም። ከግቢ ከመውጣቱ በፊት የዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ያልተቃጠለ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በመንገድ ላይ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ያጋጥማሉና። አጠር ባለ ጠንካራ ማሰሪያ ይያዙት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩልና ማታ በ12 ሰዓት፣ በየጊዜው አሥር ደቂቃ በሜዳማ መንገድ ይበቃል። ከዚያ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ይጨምሩ። የወፈረ ውሻን ከመጀመሪያው ዳገት ማስወጣት ወይም ማስሮጥ ጉልበቱን ይጎዳል። ምላሱ ተዘርግቶ ትንፋሹ ካልተመለሰለት ጥላ ውስጥ ያቁሙት።

በክረምት ጭቃና ዝናብ ሲበዛ፣ ወይም የሚያወጣው ሰው ሲጠፋ፣ በግቢው ከአጥር እስከ አጥር ጠንካራ ሽቦ ወጥረው ሰንሰለቱን በቀለበት ሽቦው ላይ ያንሸራትቱ። አንድ ችካል ላይ ከመታሰር ይልቅ በግቢው ርዝመት ይመላለሳል። ሽቦው ጫፍ ላይ አጥር ዘሎ የሚታነቅበት ቦታ እንዳይኖር ከአጥሩ ሁለት ሜትር ቀድሞ መቆሚያ ይሰሩበት።

7. በየሁለት ሳምንቱ ይመዝኑ፣ ያስተካክሉ

ከ24 ኪሎ የተነሳው ውሻ በሁለት ሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ከቀነሰ ምንም አይቀይሩ። ከአንድ ኪሎ በላይ ከቀነሰ ድርሻውን በ10 በመቶ ይጨምሩ። ሁለት ተከታታይ ጊዜ ሚዛኑ ካልተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ይመለሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ያልታየ እጅ አለ። በሩ ክፍት ሆኖ ወጥቶ ከሰፈር ቆሻሻ ገንዳ እየበላም ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ብቻ ድርሻውን በ10 በመቶ ይቀንሱ። አሁንም ካልቀነሰ መዝገቡን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ በቅርብ ያለው ክሊኒክ የሆርሞን ምርመራ ከሌለው ወዴት እንደሚልክዎት ይጠይቁ። በቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም አንዱ አማራጭ ነው።

ግቡ ላይ ሲደርስ ወደ ድሮው አመጋገብ አይመለሱ። ድርሻውን በየሁለት ሳምንቱ በ10 በመቶ ብቻ እየጨመሩ ይመዝኑ። ክብደቱ ሳይወጣ ሳይወርድ የቆመበት መጠን የዚህ ውሻ የወደፊት ድርሻ ነው። በጣሳው ላይ አዲስ ምልክት ያድርጉ፣ የድሮውን ያጥፉ፤ አዲስ ሠራተኛ፣ ዘበኛ ወይም ተከራይ ወደ ግቢው በገባ ቁጥር ጣሳውን አሳይተው ማን እንደሚመግበው ይንገሩ።